ስለ ካዙማ ክንድ እውነቱ ይህ ነው

ለልጄ ለማሳኖሪ፤ ሴቡ።

ልጄ ሆይ፣ እንደምን ሰነበትህ? ባለፈው የጻፍህልን የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? የዚያ አገር ሙቀት ከብየዳው እሳት ጋር ተደምሮ ሰው እንደሚያደርቅ አውቃለሁና ሳይጠማህም ውሃ ጠጣ። ምግቡስ ተስማማህ? አብረውህ የሚያድሩት፣ ከኢማባሪ ከተማ የመጡት ሁለቱ ልጆች ደኅና ናቸው? ሳል የያዘው ዳነ? የምትሠሩት መርከብ ሳይዘገይ ውሃ እንዲነካ፣ አንተም በሙሉ አካልህ እንድትመለስ እናትህ በየማለዳው በአያቶችህ መሠዊያ ፊት እጇን አጋጥማ ትለምናለች። እኔ ልመና ባላውቅበትም ከኋላዋ እቀመጣለሁ።

እኛ ደኅና ነን። የእናትህ ጉልበት ዝናቡ ካባራ ወዲህ ተሻላት፤ ደረጃ ስትወርድ ብቻ ነው አሁንም ግድግዳ የምትይዘው። ሚስትህ ሳዮሪ ከመንደሪን መለያው ሥራዋ አንድ ቀን አልቀረችም። ትንሿ ሚናሚ ዋና ለምዳ፣ ከወደቡ ግንብ ላይ ዘልዬ ካልገባሁ እያለች እናቷን ታስጨንቃለች። ዘንድሮ መንደሪኑ ከልክ በላይ ይዟል፤ ከንጋት ጀምሬ ትንንሹን ፍሬ እየቆረጥሁ ስጥል እውላለሁ። ፍሬ የምናወርድበት የሐዲድ ጋሪ ሞተሩ ቆሞብኝ ነበር፤ ፈትቼ ገጠምሁት፤ እያሳለም ቢሆን ዳገቱን ይወጣል።

የቤቱ ወሬ ይህ ነው። አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ማክሰኞ ደውለህ የተናገርኸውን ሳዮሪ ሁሉንም ነግራኛለች። «የሐማዳ ልጅ በዋሸው ውሸት ልጄ በሕዝብ ፊት ተዋርዶ ከሜዳ ወጣ፤ አባቴ ቤታቸው ሄዶ ልጁንም ወላጆቹንም ይቅርታ ያስጠይቅልኝ» ብለሃል። ቤታቸው ሄጃለሁ። የሄድሁት ግን አንተ ባልኸው ጉዳይ አይደለም። ምክንያቱን ራሴ በስልክ እንድነግርህ ሳዮሪ ቁጥሩን መትታ ብትሰጠኝ እምቢ አልሁ። በስልክ ሰው «እሺ»፣ «አዎ»፣ «ደኅና ነኝ» ከማለት አያልፍም። ይህ ነገር ከመነሻው የተበላሸውም እንዲህ ባለ አጭር መልስ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ከሚያዝያ ልጀምር። ካዙማን ሁለት ዓመት ሙሉ በቤዝቦል ወርዋሪነት በጥንቃቄ ያሳደጉት መምህር ሂሮታ ወደ ሌላ ደሴት ትምህርት ቤት ተዛወሩ። መምህራንን እንደ አበባ ማሰሮ ከመስኮት መስኮት ማዘዋወር የተለመደ ነው፤ አንድ ወርዋሪ እስኪበስል ድረስ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ መቆየት እንዳለበት ማንም አያስብም። በእሳቸው ቦታ የመጡት መምህር ኦኪሞቶ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ታሪክ ያስተምራሉ። በወጣትነታቸው የተጫወቱት ግን የጠረጴዛ ቴኒስ ነው። የመጀመሪያ ቀን አጥሩ ጋ አግኝቻቸው፣ ቤዝቦል ያውቁ እንደሆነ ብጠይቃቸው ሳቅ ብለው፣ «አባባ ኪኩቺ፣ ሕጉን እያነበብሁ ነው፤ አጋማሹ ላይ ደርሻለሁ» አሉኝ። አልዋሹኝም፤ በዚህ አከበርኋቸው። ግን በንባብ አጋማሽ ላይ ያለ ሰው የልጄን ልጅ ክንድ መያዙ እንቅልፍ ነሳኝ።

ቡድኑ አሥራ አንድ ልጅ ነው ያለው። የመንደሩ ልጅ እያለቀ ነው፤ ያለውም እግር ኳስ ይላል። ወርዋሪ ካዙማ ብቻ ነው። ሁለተኛ ሊሆን የሚችለው ዘንድሮ የገባው ቴፔ ነው፤ የዓሣ መኪና የሚነዳው የሐማዳ ልጅ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሮጥ ክርኑ ከጎኑ የሚርቅ ልጅ ነው። ላስተምረው ብዬ ሜዳ ስገባ መምህር ኦኪሞቶ በጣም አፍረው፣ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስምዎ በአሠልጣኝነት ስላልተመዘገበ ሜዳው ውስጥ መቆም አይችሉም» አሉኝ። ላስመዝግብ ብል፣ በትምህርት ቤት ቡድን የተጫወተ መሆን አለበት ተባለ። እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ ቅርጫት ተሸክሜ እርከን እወጣ ነበር። ስለዚህ ሜዳውን ካጠረው መረብ ውጭ ቆሜ ለቴፔ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ እጮህለታለሁ። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ከመረቡ ጋር የምጣላ ይመስለዋል።

የመጠጥ ሱቁ ኒኖሚያ ግን የቀድሞ ተጫዋቾች ማኅበር ሊቀመንበር ነውና ተመዝግቧል። መምህሩ ስለማያውቁ የወርዋሪውን ነገር ለእሱ ተዉለት። እሱም ከክፍል በኋላ ካዙማን ከጂምናዚየሙ ጀርባ እየወሰደ ያስወረውረው ጀመር። «ክንድ የሚጠነክረው በመወርወር ነው፤ እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው» ይላል። እሱ እንዲሁ አድጎ ዛሬ የቢራ ሳጥን ከትከሻው በላይ ማንሳት እንደማይችል መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ግን ማን ይነግረዋል?

ሕጉን ታውቀዋለህ፤ አንድ ወርዋሪ በውድድር ላይ በሳምንት ከአምስት መቶ ኳስ በላይ አይወረውርም። ሕጉን አልቃወምም፤ ከእኔ ዕድሜ በኋላ ከወጡት ሕጎች ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ግን አንድ ጎን ብቻ ያለው አጥር ነው። በውድድሩ ቀን የሚቆጥር ሰው ተመድቦ እያንዳንዷን ኳስ ይመዘግባል። ከጂምናዚየሙ ጀርባ ለሚወረወረው ግን ማንም አልተመደበም። የላይኛው እርከናችን ከጂምናዚየሙ ጣሪያ በላይ ነውና እኔ እሰማለሁ። ኳሱ ጓንት ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ መቀሴን ይዤ ከምወጣበት ሰዓት ጀምሮ ዓይኔ ፍሬውን ከቅጠሉ መለየት እስኪያቅተው አያቋርጥም ነበር። ደግሞም አምስት መቶው ለነኒኖሚያ ወሰን ሳይሆን ራሽን ነው የሆነው፤ እስከ መጨረሻው ካልተበላ የሚባክን ይመስላቸዋል።

በሰኔ አንድ ማለዳ ካዙማ ፊቱን በግራ እጁ ብቻ ሲታጠብ አየሁት። ቀኝ ክንዱ ታጥፎ ፊቱ ድረስ አልደርስ ብሎት ነበር። ክንድህ ምን ሆነ ብለው፣ ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ «ምንም» አለኝ። ለሳዮሪ ነገርኋት። ማትሱያማ ከተማ ድረስ ወስዳ አሳየችው። ሐኪሙ የክርኑ የውስጥ ጅማት እንደተለጠጠ፣ ገና እንዳልተበጠሰ፣ ቢያንስ አንድ ወር ማረፍ እንዳለበት ተናገረ። ውድድሩ ሊጀመር ደግሞ የቀረው ከሁለት ሳምንት ያነሰ ነበር። ካዙማ ካልተበጠሰ መወርወር ይቻል እንደሆነ ደጋግሞ ሲጠይቀው ሐኪሙም ሰለቸውና፣ «እጅህን አላስርህም» አለው። ልጁ ከዚያ ሁሉ ምክር ይዞ የመጣው ይህችን ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት አንተ ደወልህ። አጠገቡ ተቀምጬ ነበርና ሰምቻለሁ። «ትችላለህ ወይ?» አልኸው። «እችላለሁ» አለህ። «እንግዲያው የትምህርት ቤት የመጨረሻ ክረምትህ ነው፤ ጸጸት እንዳይቀርብህ አድርገህ ወርውር» አልኸው። «እሺ» አለህ። ከዚያ የመርከቡን ወሬ ትነግረው ጀመር። እኔ የዚያን ጊዜ ስልኩን ከእጁ ልቀማ ብዬ ነበር፤ እናትህ እጅጌዬን ያዘችኝ።

ከዚያ ወዲያ ያላንኳኳሁት በር የለም። በመጀመሪያ የሄድሁት ኒኖሚያ ሱቅ ነው። ሦስት አራት ሰዎች ቆመው ይጠጡ ነበር። ልጁ ታሟል፣ አሳርፈው አልሁት። ጠርሙስ መደርደሩን እንኳ ሳያቋርጥ፣ «ኪኩቺ፣ አንተ በዕድሜህ አንድ ቀን የቡድን ማሊያ ለብሰህ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም አልሁት። «እንግዲያው ከማን ጋር ነው የተጫወትከው? ከመንደሪን ዛፍ ጋር?» አለ። እኔም፣ ለጋ ዛፍ ያበበውን ሁሉ እንዲያፈራ ከተውኸው ቅርንጫፉ እንደሚገነጠል፣ ይህን ለማወቅ ማሊያ እንደማያስፈልግ ነገርሁት። «ታዲያ ሂድና ዛፍህን አሠልጥን!» አለኝ፤ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። አንደኛው እንዲያውም፣ «ዛፉ ስንት ቁጥር ነው የሚለብሰው?» አለ። ወጣሁ። መልስ አጥቼ አልነበረም፤ ለሚስቅ ሰው መልስ ስለማልሰጥ ነው።

ከዚያ መምህር ኦኪሞቶ ዘንድ ሄድሁ። በመምህራን ክፍል ሻይ ቀድተው፣ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ስነግራቸው በትዕግሥት ሰምተው፣ «ካዙማን እኔም ጠይቄዋለሁ፤ እችላለሁ ብሎኛል» አሉ። ያን ጊዜ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። «መምህር፣ በዚህ ደሴት ላይ ትችላለህ ወይ ተብሎ አልችልም ያለ ልጅ አይተው ያውቃሉ? ይህ እኮ ጥያቄ አይደለም፤ መልሱን አጉርሶ አፉን መዝጋት ነው» አልኋቸው። የሻይ ስኒያቸውን ወደ ጎን አድርገው፣ «ታዲያ ምን ብዬ ልጠይቀው?» አሉ። አይጠይቁት፤ ያሳርፉት አልሁ። «በማን ልተካው? ቴፔ ገና ልጅ ነው። ሌላ የለኝም» አሉ። እውነታቸውን ነው። የላቸውም። ይህን ያህል ያናደደኝም ያ ነው፤ ኒኖሚያን መቆጣት ይቀላል፤ የላቸውም የሚባለውን ነገር ግን ማንን ትቆጣበታለህ?

ውድድሩ ደረሰ። ካዙማ የዋናውን ወርዋሪ መለያ፣ ቁጥር አንድን፣ በሁለት እጁ ተቀብሎ አመጣ፤ እናትህ ማሊያው ጀርባ ላይ ሰፋችለት። የመጀመሪያውን ጨዋታ ከዓሣ ማስገሪያ ትምህርት ቤቱ ጋር ተጫውተው አሸነፉ፤ ካዙማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወረወረ። በማግሥቱ ዝናብ ዘነበና የጨዋታዎቹ ቀን ተጨናነቀ። ከአንድ ቀን ዕረፍት በኋላ እንደገና ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ ላይ ወጣ። ተጋጣሚው ከማትሱያማ የመጣ ባለብዙ ተጫዋች የግል ትምህርት ቤት ነበር። እነሱ ወርዋሪያቸውን እንደ ሸሚዝ ይቀያይራሉ። የእኛ አንድ መሆኑን ስለሚያውቁ መቺዎቻቸው ለመምታት አልቸኮሉም፤ እሱን ለማድከም ኳሱን እየነካኩ ከመስመር ውጭ ይጥሉታል፣ ካዙማ እንደገና ይወረውራል። ሕግ አልጣሱም። አጠገቤ የተቀመጠው ኒኖሚያ ማራገቢያውን እያርገበገበ፣ «አይዞን፣ ገና ብዙ ይቀረዋል! ከአምስት መቶው ገና ብዙ ይቀረዋል!» ይላል። እኔ የማየው የካዙማን ክርን ነው። ወርውሮ ሲጨርስ ክንዱ መዘርጋት አቁሟል።

መቼም አሠልጣኝ ወደ ጉብታው አይሄድም፤ መልእክተኛ ልጅ ነው የሚልከው፤ እሱም በአንድ ጨዋታ ከሦስት ጊዜ አይበልጥም። መምህር ኦኪሞቶ ሦስቱንም ጊዜ የላኩት ቴፔን ነበር። በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ሮጦ ሄዶ፣ አፋቸውን በጓንት ከልለው ተነጋግረው፣ ሮጦ ተመለሰ፤ ጨዋታው ቀጠለ። በአምስተኛው ዙር ለሦስተኛ ጊዜ ተላከ። ሮጠ፤ ተነጋገሩ፤ ካዙማ ራሱን ነቀነቀ። ቴፔ ተመልሶ ኮፍያውን አውልቆ ለመምህሩ አንድ ነገር ነገራቸው። መምህሩ ጥቂት ቆመው ዳኛውን ጠሩ። ካዙማ ወጣ፤ ቴፔ ጉብታው ላይ ወጣ። ካዙማ ወደ ወንበሩ ሲመጣ ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም፤ ጨርሶ ያልገባው ሰው ፊት ነው።

ቴፔን አደቀቁት። ልጁ የሚያውቀው ከመረብ ውጭ የጮህሁለትን ብቻ ነው። ቢሆንም ኳሱን አልሸሸም፤ እያንዳንዱን ወረወረ። የነጥቡ ልዩነት ስለሰፋ በደንቡ መሠረት በሰባተኛው ዙር ጨዋታው ተቋረጠ። ልጆቹ ተሰልፈው ለእኛ ለተመልካቾቹ ሲሰግዱ ሁሉም ያለቅሱ ነበር። ካዙማ ብቻ አላለቀሰም።

የሆነው ነገር የታወቀው አውቶቡሱ አጠገብ ነው። ካዙማ መምህሩን ለምን እንዳስወጡት ጠየቃቸው። «አልችልም ብለህ አይደል?» አሉት። «እኔ? እችላለሁ ነው ያልኩት» አለ። ሁሉም ወደ ቴፔ ዞረ። ቴፔ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ፤ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ያን ጊዜ ኒኖሚያ፣ «ጉብታውን ለራሱ ፈልጎ ነው! ገና መወርወር የሚችለውን ልጅ!» ብሎ ጮኸ። ወደ እኔም ዞሮ፣ «ይሄን ያስተማርከው አንተ ነህ፤ በመረቡ ቀዳዳ ስትመክረው የከረምከው ይሄን ነው» አለኝ። ወደ አንተ ጆሮ የደረሰው ወሬ ይህ የኒኖሚያ ወሬ ነው። እኔ ለልጁ እንዲህ አድርግ አላልሁትም። ብለው ኖሮ ብዬዋለሁ እልህ ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ ቴፔ ዳገቱን ወጥቶ እርከናችን ላይ መጣ። ካዙማን ሽቶ እንዳይመስልህ፤ እኔን ነው የፈለገው። ቡድኑን ሊለቅ መሆኑንና ስላስተማርሁት ሊያመሰግነኝ መምጣቱን ነገረኝ። ለምን ዋሸህ አልሁት። እንዲህ አለኝ፤ «አባባ፣ ጋሼ ካዙማ እችላለሁ አለኝ። ግን ላቡን የጠረገው ጓንት ባጠለቀበት በግራ እጁ ነው፤ ቀኙ ፊቱ ድረስ አልደረሰለትም። እየሮጥኩ ስመለስ ያለውን ከነገርኩ ክንዱ እስኪበጠስ ይወረውራል ብዬ አሰብኩ። መንገዱ ደግሞ አጭር ነው። ሌላ ነገር ሳላስብ ደረስኩ።»

ውሸት እንደማልወድ አንተ ከማንም በላይ ታውቃለህ። በዚህ ቤት ውስጥ ለማንም ውሸት ፊት ሰጥቼ አላውቅም። ስለዚህ በዚህኛው ውሸት ላይ ጥፋት ስፈልግ ቀናት ሰነበትሁ። ጥፋቱን አገኘሁት። ጥፋቱ ይህን ቃል የሚናገር አዋቂ መጥፋቱ ነው። ሐኪሙ እጅህን አላስርም አለ። መምህሩ ሌላ የለኝም አሉ። ኒኖሚያ ገና ይቀረዋል አለ። አንተ ጸጸት እንዳይቀርብህ አልኸው። እኔ ጮህሁ፤ ከመረቡ ውጭ። ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ግን ነገ መንደሩ ሁሉ እንደሚሰድበው እያወቀ «አይችልም» አለ፤ ራሱም ለውርደት ጉብታው ላይ ወጣ። ጉብታውን ለራሱ የፈለገ ሰው ያን ዕለት እዚያ ላይ ምን ያገኛል? መምህር ኦኪሞቶንም ሄጄ፣ የቴፔን ቃል አምነው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ማመን ፈለግሁ» አሉኝ። ከዚህ በላይ አልጠየቅኋቸውም።

እነሐማዳ ቤት የሄድሁት እንግዲህ ለዚህ ነው። እናትህ ሐብሐብ በጨርቅ አስራ ሰጠችኝ። የቴፔ እናት በሩን ከፍታ እኔን ስታይ ልወቅሳቸው የመጣሁ መስሏት እዚያው መግቢያው ላይ ተንበርክካ፣ «አባባ ኪኩቺ፣ ልጃችን ባጠፋው ጥፋት ፊታችንን የምናስገባበት አጣን» እያለች ትሰግዳለች። እኔም ላመሰግን ነው የመጣሁት ብዬ እሰግዳለሁ። እሷ አልሰማችኝም፤ እኔ ቀና አላልሁም። ሐብሐቡን አቅፌ ወገቤ ሊቆረጥ ሲል ሐማዳ ራሱ ከኋላዋ መጥቶ፣ «ሁለታችሁም ቀና በሉ እንጂ፣ ሐብሐቡ ሊወድቅ ነው!» አለ። ያን ጊዜ ገባቸው። ሴትዮዋ አለቀሰች።

ልወጣ ጫማዬን ሳጠልቅ ቴፔ ከጓዳ ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ ካዙማ ክንዱ እንዴት ነው?» አለኝ። በአንድ ጣሪያ ሥር የምኖር አያቱ ነኝ፤ እኔም አላውቅም።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ማሳኖሪ። ካዙማ ሐኪም ዘንድ አልሄድም ብሏል። «አያመኝም» ይላል። አመመኝ ካለ የቴፔ ቃል እውነት ሊሆን ነው፤ ስለዚህ እንዲያመው አይፈቅድም። ከዚህም የባሰ አለ። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ኩባንያ ለቤዝቦል ቡድኑ ወጣት ወርዋሪዎችን ይፈትናልና ልፈተን ብሎ፣ በየቀኑ ብቻውን ከጂምናዚየሙ ጀርባ ግድግዳ ላይ ይወረውራል። እችል እንደነበር ሁሉም ያየዋል ይላል። የትምህርት ቤቱን ቡድን ስለጨረሰ ከእንግዲህ አምስት መቶም የለ፣ አራት መቶም የለ፤ የሚቆጥረው የለም፣ የሚያስቆመው ሕግ የለም። አሁን ይህን ስጽፍልህ ድምፁ ይሰማኛል። ወርዶ ኳሱን የመቀማት ጉልበት አለኝ፤ ትናንት ቀማሁት፤ ዛሬ ሌላ ገዝቶ መጣ። ሳዮሪ ለምናዋለች። እናትህ አኩርፋዋለች። የሚሰማው አንድ ሰው ነው፤ ወርውር ያለው ሰው።

የሙታን መታሰቢያው የቦን በዓል ሲደርስ መርከቡ ሊጠናቀቅ ስለሆነ አልመጣም ብለህ ጽፈሃል። መርከቡን ሌላ ሰው ይበይደው። በስልክ እንዳትሞክረው፤ በስልክ «እሺ» ይልሃል፣ አንተም ደስ ብሎህ ትዘጋለህ። መጥተህ ፊቱ ተቀመጥ። ትችላለህ ወይ አትበለው፤ ያምሃል ወይ ብለህም አትጠይቀው፤ ሁለቱንም መልስ አስቀድሞ አዘጋጅቷል። «ወርውር ማለቴ ስሕተት ነበር» በለው። ከዚያ ዝም በል። እሱም ዝም ካለ አብረኸው ዝም በል፤ እስኪናገር ጠብቀው። ከተናገረ በኋላ ማትሱያማ ሐኪሙ ዘንድ ትወስደዋለህ፤ ስትመለሱ በሐማዳ ቤት በኩል ታልፋላችሁ። የፈለግሁት ይህ ነው። የኩባንያህን አለቆች አስፈቅድ። ትችላለህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ና።

እናትህን በጣም ናፍቀሃታል፤ ወገብህን በሞቀ ፎጣ እሰረው ትልሃለች። ሳዮሪ ቁጣዋን ለእኔ ተናግራ ጨርሳለችና ለአንተ ሰላምታ ብቻ ልካለች። ሚናሚ የባሕር ዛጎል ልትልክልህ ፈልጋ ነበር፤ በፖስታ ይሰበራል አልኋት፤ ስትመጣ ትሰጥሃለች። መምህር ኦኪሞቶም ሰላም በሉልኝ ብለዋል። ለኢማባሪዎቹ ልጆች ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ካዙማ ሰላም በልልኝ አላለም፤ እኔም አላስገደድሁትም።

አባትህ ኪኩቺ
ኡራሳኪ፣ ኤሂሜ
እሑድ፣ ሐምሌ 16 ቀን